ቅምር

ብቸና፥ በስልሳ አምስት፥ የሚያዝያ ፀሐይ፥
ቆርቆሮው ይንጣጣል ከክፍላችን በላይ።
አርባ ስምንት ተማሪ፥ ሦስት መዝገበ ቃላት፥
አንዱን ለአሥራ ስድስት፥ ደራርበን አንገት።

ገደፋው ነው ያያት፥
ጣቱን ያሳረፈ ከዚያች ቃል አናት።
«ሳን… ስክ… ሪት» አለና ምላሱ ተያዘ፤
«ሳንሰክር!» ሲል ደግሞ ክፍሉን ሳቅ ወዘወዘ።
ስሙ ገደፋው ነው፥ መግደፍ ይሆንለታል፤
ያን ቀን ግን ግድፈቱ በር ከፍቶልናል።

ሚስተር ኩሩፕ ዞሩ።
የኮታቸው እጅጌ ጠመኔ ነው ዳሩ።
«ምን ይላል መዝገቡ?»
                    «ቋንቋ ነው ይላል፥ ሰር፤
የጥንት፥ የህንድ አገር።
መጀመሪያ ስም ነው፤ ቀጥሎም ቅጽል ነው፤
በትልቅ ፊደል ነው ሁሌ የሚጀመረው።»
(የኛ ፊደል ትልቅ፥ ትንሽም የለበት፤
እግዜርና እንቁራሪት በአንድ ቁመት የሚቆሙበት።)

«ልክ ነው» አሉ ሰውዬው፤ «ልክ ነው፥ ግን ጎደለ።
መዝገቡ ስም ጻፈ፥ የስሙን ፍች ዘለለ።
ሳምስክርታ ነበረች፤ እንግሊዝ ወሰዳት፤
ጭራዋን ቆረጣት፤
እንደ ዕቃ ስም ብቻ ከግድግዳ ሰቀላት።
'ሳም' ማለት አንድ ላይ፤ 'ክርታ' የተሠራ፤
ተለቅሞ፥ ተገጥሞ፥ ነቀፌታው የጠራ።»

ከዚያ ጻፉት በራሳቸው ፊደል።
ከላይ አንድ መስመር፥ ከሥሩ ሆሄያት የተንጠለጠሉበት፤
«ቋንጣ!» አለ ገደፋው፥ «ከገመድ የሰጡት!»
ሑዳዴ ነበረ።
ምራቃችንን ዋጥን።

«እናቴ» አሉ ቀስ ብለው «አታውቀውም ነበር፤
ጸሎት ላይ ትሰማዋለች፥ ቆማ ከበር።»
የኔም አለች እኮ!
አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ የምትል፥ በጣቷ ቆጥራ፥
ከደጀ ሰላም ወጥታ ግን
                    ስለ ጤፍ ዋጋ ባማርኛ የምታወራ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዲማ ሄድኩ በእግሬ፥
ቃሏን እንደ ጥሬ
ባፌ እያገላበጥኩ።
መሪጌታ ይባቤ ከዛፍ ሥር ናቸው፤
ቅኔ ቆጣሪዎች፥ ግስ ገሣሾች ከበዋቸው።
ነገርኳቸው ሁሉን፤ ስለ ህንዱ፥ ስለ ጭራው፥
ስለ ሳም፥ ስለ ክርታ፥ አንድ ላይ ስለተሠራው።

ዝም አሉ። በጭራቸው ዝንብ አባረሩ፥ ሁለቴ።
(የሳቸው ጭራ አልተቆረጠም።)
«ቀመረ» አሉ ኋላ፥ «ይቀምር፥ ይቅምር፤
ቤትህ ያለች ቃል ናት፤ እኛ ዘንድ ስሟ ቅምር።
እርባ ቅምር ስትል የከረምክ በሌሊት፥
ባዕድ ናት ብለህ ነው ይዘህ የመጣሃት?»

ደስ አለኝ። ልነሣ ስል፥ ድምጻቸው ዝቅ አለ፤
«ቆይ፤ ጥያቄ አለ።
የተሠራ ካሉ፥ ያልተሠራው የት ነው?
እናትህ በሬውን ጠርታ የምትመልሰው፥
እሱንስ ማን ሠራው?»
አልመለስኩም ያኔ።
እስካሁንም።

ሰኞ ስንመለስ ሰሌዳው እንዳለ፤
ዘበኛው ሽባባው አጥፋ ተባለና እምቢኝ አለ።
«ፊደል ነው» ብሎ ነው፤ «የማን እንደሁ ባላውቅ፥
ጽሕፈት በጨርቅ አላብስም ባለቤቱ ሳይጠየቅ።»
ማክሰኞ ጠዋት ላይ ባለቤቱ መጡ።
አዩት፤ ጥቂት ቆዩ፤ ጨርቁን ከኪስ አወጡ።
ሆሄውን ጠረጉ፤ መስመሯን ግን ተዉአት፤
የእንግሊዝኛን ያለፈ ጊዜ ግስ
                    ከሥሯ አንጠለጠሉባት።